ጀርመን የገቡት ጅቦቼና ያልተሠራችው እናታቸው

እኔ ደምለው ዋሴ፣ ጎንደር አጠገብ በወለቃ ተወልጄ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ላይ ያረጀሁ ሰው፣ ዛሬ እሑድ ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓመተ ምሕረት፣ ይህ አገር በሚቆጥረው ደግሞ ኦክቶበር 19 ቀን 2025፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ትናንት ሰንበት ከወጣ በኋላ በዳማ ምን እንዳደረግሁት ወዳጄን አግደውን ይጠይቀው።

«ይኼም ይጻፍ፣ ጋሼ?» አለኝ ጸሐፊዬ።

ይጻፍ። የተናገርሁትም፣ በመሐል የተነገረኝም ይጻፍ። ከተናጋሪው ይልቅ አቋራጮቹ እውነት የሚናገሩበት ጊዜ አለ።

ጸሐፊዬና አንደኛው ምስክሬ ጌታው ነው፤ በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ክሊኒኩ፣ ለሽማግሌዎች ሐኪሙ ያለውን ሲያስተረጉም ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ተለቀመ ጤፍ የጠራ ሰው ነው። ሁለተኛው ምስክሬ አግደው ነው፤ ከሱዳን አብሮኝ የመጣ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው በፕላስቲክ ፋብሪካ እስከ ጡረታ አብሮኝ የሠራ፣ እስከ ዛሬም አብሮኝ የሚጨቃጨቅ። የእህቴ ልጅ ኔታ ወራሽ ስለሆነች ኑዛዜው ሲዘጋጅ እጇን እንዳታስገባ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣለች። ሺኩን የሚሉት የዚህ የመንግሥት አፓርታማ ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቂርያት ጋት ኖረው አያውቁም መሰለኝ።

ለምን አሁን እንደምናዘዝ ልናገር። ኩላሊቴ ከደከመ ቆይቷል፤ ደሜን በማሽን እያጠቡ ይመልሱልኛል። ሐኪሟ ሁልጊዜ «ጨው ቀንስ፣ ሙዝ ተው» ትለኝ ነበር። ባለፈው ግን «አቶ ደምለው፣ ደስ ያለህን ብላ» አለችኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሙዝም በላሁ፤ እንደ ናፈቅሁት አልሆነልኝም።

አንደኛ። ይህን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለውን፣ ለሟች እህቴ ለባይነሽ ልጆች፣ ለኤፍራይምና ለኔታ እኩል አውርሻለሁ። የራሴ ልጅ የለኝም፤ የሰው ልጆችን ሳበላሽ ጊዜው አለፈ። ኤፍራይም በአዲሱ ሠፈር፣ በካርሜ ጋት፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ቤቱ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ ስሄድ እግሬን አየር ላይ አንጠልጥዬ እቀመጣለሁ። እዚህ መጥቶ መደርደሪያዬን ባየ ቁጥር «ይህ ሁሉ ጭቃ መቼ ነው የሚጣለው?» ይላል።

«ወንድሜን በሌለበት አይንኩት፣ አጎቴ» የሚል ድምፅ ከኩሽና መጣ።

ቢኖርም እነካው ነበር። አንቺ ደግሞ አሁን የለሽም፤ ሕጉ የለችም ብሏል።

ኤፍራይም ግን ገና ሳይነጋ ከዚያ ረጅም ፎቅ ወርዶ፣ እኔን ለእጥበት ሆስፒታል አድርሶ፣ ከዚያ በባቡር ቴል አቪቭ ሥራው የሚሄድ ልጅ ነው። መኪናው ውስጥ አንድም ቀን አላዛጋም። ይህን ማየቴን ይወቅልኝ። ምክሬ አንድ ነው፤ ልጆችህ ምንጣፉ ላይ አንድ ነገር ያፍስሱ።

ሁለተኛ። የባይነሽ የወርቅ ጉትቻ ለኔታ ነው። ባይነሽ በአገራችን ጉትቻ አድርጋ አታውቅም፤ ምክንያቱን ልጆቿ ጠንቅቀው አያውቁትም፤ እኔ ልንገራቸው። የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ወንዱ ቀጥቃጭ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ማሰሮውን ይገዛሉ፣ ሠሪዋን ይሸሻሉ። ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ ይሉን ነበር። ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለበት ጅብ ተገደለ የሚል ወሬም አይጠፋም። በአካባቢው ጅብ በተገደለ ቁጥር አንዳንድ ሰዎች ገበያ ላይ የባይነሽን ጆሮ ሊያዩ ይመጡ ነበር። ልጅ ነበረች። ፀጉሯን ገልጠው አንዱን ጆሮ፣ ከዚያ ሌላውን ያያሉ፤ ከዚያ ጀበና ገዝተው ይሄዳሉ። ይህን ጉትቻ የገዛችው እዚህ ከተማ በመጀመሪያ ደመወዟ ነው። ስትተኛም አታወልቀውም ነበር።

ሦስተኛ። ይህ ውርስ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ግን ይህ ሳይነገር የሚቀጥለው አይገባም።

ወይዘሮ ሬናቴ ሆልትሃይም የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ ናት። ከዚህ በኋላ «እሷ» የምላት ንቀት ሆኖ አይደለም፤ አርባ ዓመት በተከራከሩ ሰዎች መካከል «እርስዎ» ብዙ አይቆይም። የተወለደችው በትልቁ ጦርነት ማብቂያ፣ በሰሜን ጀርመን በሉቤክ ከተማ ነው። አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። የሥዕል ሥራን የጀመረችው በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው፤ ጽጌረዳና ድመት፣ ድመትና ጽጌረዳ። የልጆች መጽሐፍ ልትሥል ብትሞክር አሳታሚዎቹ «ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ እንስሶቹ ግን በትር የዋጡ ይመስላሉ» እያሉ መለሱላት። አርባ ዓመት ሲሞላት ተስፋ ቆርጣ ወደዚህ አገር በበጎ ፈቃድ መጣች፤ እኛ ከሱዳን መጥተን የተቀመጥንበት የመጤዎች መቀበያ፣ መርከዝ ቅሊጣ፣ ገብታ ልጆቻችንን ሥዕል ልታስተምር ጀመረች።

ክፍሏ ግን ባዶ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ደረጃው ሥር እኔ ጋ ነበሩ። ግንበኞች ከተውት ጭቃ አህያና ፍየል እሠራላቸው ነበር። ሸክላ በእኛ ዘንድ የሴት ሥራ ነው፤ እኔ ከባይነሽ በዓይኔ እያየሁ የተማርሁት ነው። አግደው ባየኝ ቁጥር «ቀሚስ ልግዛልህ?» ይለኝ ነበር።

«አሁንም እገዛልሃለሁ» አለ አግደው።

ሬናቴ ተማሪዎቿን ፍለጋ መጣች። አንዱን አህያ አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀምጣ በመብራት ሥር አዞረችው። ከፊት ሣለችው፣ ከኋላ ሣለችው፣ ከሆዱ ሥር ሣለችው። ከዚያም በወረቀቷ ላይ ያለው አህያ ጆሮውን የሚነቀንቅ መሰለ። ከዚያ ቀን በኋላ በጭቃ ተሠርቶ በእጇ ካላዞረችው በቀር አንድም እንስሳ አልሣለችም። ሥራዋ ይህ ሆነ፤ የእኔም ሥራ ይህ ሆነ። ሁለታችንም ዕብራይስጥን እኩል ስለማናውቅ በደንብ ተግባባን።

አንድ ቀን «ተኩላ ሥራልኝ» አለችኝ። የዳቦ ቤት የሌሊት ዘበኛ የሆነ ተኩላን ታሪክ ጽፋ ነበር። ተኩላን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። «እንዴት ያለ ነው?» አልኋት።

«ሌሊት የሚመጣ፣ በግ የሚበላ፣ ልጆች የሚፈሩት» አለች።

እንዲህ ያለውንማ አውቀዋለሁ ብዬ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለውን፣ አንገተ ወፍራሙን ሠራሁላት። ሬናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። «በአራዊት ማቆያ ያየሁት ተኩላ እንዲህ አይደለም» አለች። «ያኛው ግን እንዲህ አያሳዝንም፤ እንዲህም አያስቅም።» ይዛው ወደ አገሯ ተመለሰች።

መጽሐፉ ጀርመን ላይ ወጣ። ልጆቹ ወደዱት፤ ሽልማት አገኘ፤ ተኩላው በቴሌቪዥን አሻንጉሊት ሆኖ ታየ። አንድ የተማረ ሰው በጋዜጣ ላይ የጀርባው ዝቅ ማለት የሰው ልጅ የተሸከመውን ሸክም ያመለክታል ብሎ ጻፈ። ሬናቴ ተርጉማ ላከችልኝ። እኔ ዝቅ ያለው ጅብ ስለሆነ ነው ብዬ መለስሁላት።

ሌሎች መጻሕፍት ተከተሉ። ሠርቼ፣ አድርቄ፣ መጀመሪያ ከሕንፃው ጀርባ በበርሜል፣ የታችኛዋ ጎረቤት እሳት አደጋ ከጠራችብኝ በኋላ ግን በሠፈራችን የባህል ማዕከል፣ በማትናሱ፣ ምድጃ ተኩሼ፣ በጫማ ካርቶን ፈንዲሻ ሞልቼ እልክላታለሁ። የጉምሩክ ሰዎች ፈንዲሻውን መርምረዋል፤ እንደ ሰማሁት ከሆነ ቀምሰውታልም። አንድ ጊዜ አህያው አንድ ጆሮ አጥቶ ደረሰ፤ እሷም አንድ ጆሮ አድርጋ ሣለችው። በኋላ ክፉ ዓመታት መጡባት። አሳታሚዎቹ ሥዕል በኮምፒዩተር ይሁን አሉ፤ እሷ ጭቃዬን ካላዞርሁ አለች፤ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ሳታወጣ በማስተማር ኖረች። ግን ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ በሁሉም፣ በኋለኛው ገጽ ላይ፣ የእንስሶቹ ሠሪዎች ባይነሽና ደምለው፣ ቂርያት ጋት የሚል በትልቅ ፊደል ታትሟል። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋት። አመሰግናታለሁ።

ባይነሽ ግን መጀመሪያ አላመሰገነችም። መጽሐፉን ከፍታ «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ተኩላ ነው።»

«ደምለው፣ እኔን አታሞኘኝ።» መጽሐፉን ዘጋችው። «ያንን ስም ሱዳን በረሃ ላይ ጥለነው መጣን ስል፣ አንተ በፖስታ ትልከዋለህ?»

ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ ያኔ ትንሽ ልጅ ለነበረው ለኤፍራይም «ለጅቡ አባት ጨው አቀብለው» ትለው ነበር። ልጁም እውነተኛ ስሜ መስሎት በሠፈሩ ሁሉ እንዲሁ ጠራኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሬናቴ መጽሐፉን ይዛ መጣችና በማትናሱ ለልጆቹ አነበበች። ባይነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አልገባችም። ንባቡ ሲያልቅ ሬናቴ «ይህን ተኩላ የሚፈራ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ማንም እጁን አላወጣም። አንዲት የእኛ ልጅ «ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ የት ነው የሚያድረው? እኛ ቤት ይምጣ» አለች። ባይነሽ ከበሩ ዞራ ሄደች። ማታ ግን ያቦካችውን ጭቃ በሳህን ይዛ መጣችና «የአህያህ እግር ቀጭን ነው፤ ለዚህ ነው በፖስታ የሚሰበረው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ አህያውን፣ ፍየሉን፣ ዝይውን፣ ድመቱን የሠራችው እሷ ናት። መልካም የሆነው ሁሉ የእሷ ነው። ጅቡን ብቻ ለእኔ ተወችው። «አንተ ሥራው» አለችኝ፤ «እኔ ይቅር አልሁት እንጂ አልወለድሁትም።»

አራተኛ። በመደርደሪያዬ ላይ ያሉት የሸክላ እንስሶች ሁሉ ለማትናሱ የልጆች ክፍል ይሰጡ። ሬናቴ ጋ ያሉት ከሥዕሎቿ ጋር እዚያው ይቅሩ፤ የሉቤክ ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋቸዋል። የእኛዎቹ ላይ ግን መስተዋት አይደረግ፤ «አትንኩ» የሚልም አይጻፍ። ቢሰበር ይሰበር፤ አፈር አላለቀም። ከእነርሱ ውስጥ አንዱ፣ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ የሆነው ግመል፣ ሬናቴ ራሷ ከባይነሽ ስትማር የሠራችው ነው። እሱ ተመልሶ ይላክላት። በእንግድነት በቂ ጊዜ ቆይቷል።

አምስተኛ። አሁን የመጣሁበት ነገር።

የሬናቴ ዓይን ደክሟል። መሐሉ ጠፍቶባታል፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምታየው። በግራ እጇ ሸክላውን ትዳስሳለች፣ በቀኝ እጇ በወፍራም ከሰል ትሥላለች። ዛሬ ያለ ሸክላ አንዲት መስመር አታወጣም። የመጨረሻ መጽሐፏን ልትጨርስ ነው። በዚህ መጽሐፍ ያ ተኩላ አርጅቷል፤ ከዳቦ ቤቱ ተሰናብቶ ጀርባዬ ለምን ዝቅ አለ ብሎ ሊጠይቅ ዓለምን ይዞራል። በመጨረሻ ሁሉም ጀርባው ዝቅ ያለ መንደር ይደርሳል። በር ላይ እናቱ ቆማ ትጠብቀዋለች። አሳታሚው «ከአርባ ዓመት በኋላ ለልጆቹ ጅብ ነበር ማለት ይቻላል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «እሱ ሁልጊዜ ያውቅ ነበር፤ ያልነገርናቸው እኛ ነን» ብላ መለሰችለት።

አጎቶቹን፣ እኅቶቹንና የመንደሩን ሕፃናት ሠርቼ ልኬአለሁ። እናቲቱ ቀርታለች። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የጀመርኋት ሁለት ጊዜ ፈረሰች። እሷ ካልደረሰች የመጽሐፉ መጨረሻ የለም።

የኔታ እጅ የባይነሽ እጅ ነው። ትንሽ ሳለች ከእናቷ ጋር ታቦካ ነበር። በአዲሱ ዓመት በዓል ለመንኋት።

«አጎቴ፣ እኔ የኮምፒዩተር ቺፕ የምሠራበት ቤት አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ ስብሰባ ይጠራል» አለችኝ። «ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሼ ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። እርስዎ ጭቃ አቡኪ ይሉኛል።»

«ከሥራ ስትወጪ አቡኪ፣ ስትገቢ ታጠቢ።»

«አቧራው አይደለም ነገሩ» አለች። «እማዬ ያልሠራችውን እኔ አልሠራም።»

የጭቃውን ከረጢት መልሼ ቦታው አስገባሁት።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እናገራለሁ፤ ከኩሽናም ይሰማ። ከኩሽናው መታጠቢያ ሥር ያለው የጭቃ ከረጢት፣ ባይነሽ ሸክላ የምታለሰልስበት የወንዝ ድንጋይና የቀርከሃ ቢላዋ ለኔታ ናቸው። ብትሠራም የእሷ ናቸው፤ ባትሠራም የእሷ ናቸው። ካልሠራች ሬናቴ ታሪኩን ያለ እናት ትጨርሰው፤ ሕፃናቱ በር ላይ ይቀበሉት። ማንም ኔታን አይውቀሳት። ኑዛዜ ሰው ማሰሪያ ገመድ አይደለም።

ግን ኔታ፣ አንድ ነገር ስሚ። እናትሽ እምቢ ያለችው በራሷ ጆሮ ከፍላ ነው። የአንቺን ጆሮ ማንም ገልጦ አላየውም። እናትሽ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የመጣችው ለዚህ ነበር። ቁስሏን አክብሪ። አትውረሺው ግን፤ የማወርስሽን በሙሉ ቆጥሬ አስጽፌአለሁ፤ እሱ በዚህ ውስጥ የለም።

ጌታው ብዕሩን አነሣ። «ከኩሽና ድምፅ የለም፤ እንዲሁ ልጻፍ?» አለኝ።

ድምፅ የለም ብለህ ጻፍ።

ስድስተኛ። ለአግደው ቴሌቪዥኔን ልተውለት አስቤ ነበር። ነገር ግን ምስክር አይወርስም አሉኝ። ክብርን መርጠሃል፣ አግደው።

«ያንተ ቴሌቪዥን ከእኔ ቀድሞ ይሞታል፤ ይቅርብኝ» አለ አግደው።

እንግዲያው ለታችኛዋ ጎረቤቴ ይሰጥ። እሳት አደጋ የጠራችብኝ እሷ ናት፤ በማግሥቱ ኩኪስ ጋግራ ያመጣችልኝም እሷ ናት፤ ሁለቱንም ያደረገችው በቅን ልብ ነው።

በሐዘኔ ሰባት ቀን ስለ እኔ መልካም ነገር ብቻ የሚናገር ሰው ቢኖር አስወጡት፤ ሌላ ሰው መስሎት ተሳስቶ የገባ ነው። ለሬናቴ በስልክ ንገሯት፤ በጽሑፍ አይሁን፣ ማንበብ ያደክማታል። በጭቃ የጀመርሁትን ሥራ ዓለም እንዲያይልኝ ስላደረገች፣ ስሜን ከእህቴ ስም ጎን ስላሳተመች፣ እስከዚህ ሰዓት እጅ ነሥቻለሁ በሏት። ፈጣሪ በሰው መካከል እንድቀልድ ይህን ያህል ዘመን ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።

ቃሌ ይህ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የሚቀነስ የለውም። ለመጨመር የፈለግሁትን ጌታው ከልክሎኛል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማዬ እባብ ቢመስልም የእኔ ነው።

ደምለው ዋሴ

የአንደኛው ምስክር ቃል። እኔ ጌታው ከላይ ያለውን ሁሉ ከተናዛዡ አፍ ሰምቼ ጽፌአለሁ። ሲናገሩ አእምሮአቸው የተረጋጋ ነበር፤ ከሚገባውም በላይ ደስተኛ ነበሩ። በፊቴ ፈርመዋል፤ እኔም ፈርሜአለሁ።

ጌታው

የሁለተኛው ምስክር ቃል። እኔ አግደው፣ ደምለው በሙሉ ልቡ መናዘዙን አይቻለሁ፣ መፈረሙንም አይቻለሁ። ጌታው ያየኸውን ብቻ ጻፍ ስላለኝ ያየሁትን እጨምራለሁ። ከመፈረሜ በፊት ውኃ ልጠጣ ኩሽና ገብቼ ነበር። ኔታ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የጭቃውን ከረጢት ከፍታ፣ እስከ ክርኗ ድረስ ገብታበታለች። ቀና ብላ ሳታየኝ «ጋሽ አግደው፣ ሴቲቱ ጅብ ከወንዱ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች?» አለችኝ። እዚህ አገር የተወለደች ናት፣ አይታ አታውቅም። «ትበልጣለች፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት» አልኋት። «እንደ እማዬ ማለት ነው» አለችና ከከረጢቱ ሌላ ጭቃ ጨመረች። ከዚያ «ለአጎቴ እንዳይነግሯቸው» አለችኝ። አልነገርሁትም። ጽፌ ግን ፈርሜአለሁ።

አግደው